የአክሰል ገመድ

ስታቲስ በዚያ ቀን ከወፍ ቀድሞ ተነሣ። በሰኔ መጨረሻ ዴንማርክ ውስጥ ከወፍ ቀድሞ መነሣት ማለት ጨርሶ አለመተኛት ማለት ነው፤ ፀሐይዋ ራሷ መች ትተኛና። ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፣ ጫማውን ሁለቴ ወለወለ፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ በሦስት ትሪ ያሰናዳውን ስፒናችና አይብ የተሞላ ቂጣ ምድጃ ውስጥ ከተተ። ሚስቱ ሪኬ በፒጃማዋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ስታቲስ፣ ልጆቹ ሃያ ደቂቃ ነው የሚቆሙት። ቋሊማና ዳቦ ይበቃል ተባብለን አልነበረም?»

«ቋሊማውም አለ።»

«ሠርግ ነው እንዴ የደገስከው?»

«ከሠርግም በላይ ነው እንጂ!» አለና ግንባሯን ሳማት። «አንድ ልጅ ናት ያለችን። ደግማ አትመረቅልን።»

እውነቱን ነው። ልጃቸው ዳፍኔ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ቀይ ጥለት ያለውን ነጭ ቆብ ከደፋች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዛሬ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በቅጠል ባጌጠ ክፍት የጭነት መኪና ላይ ተጭነው፣ እየዘፈኑና ፊሽካ እየነፉ፣ የእያንዳንዱን ተማሪ ቤት ይዞራሉ። ወላጅ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፣ መኪናው ደግሞ ወደሚቀጥለው ቤት ይነዳል። ዕጣ ሲወጣ የመጀመሪያው ቤት የስታቲስ ሆነ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ሰውየው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ከፎቦርግ ከተማ ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ይዞ በሚሄደው መስመር ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ነድቷል። በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ እነዚያ ነጭ ቆቦች የሞሉባቸው መኪኖች መንገድ ላይ ሲገጥሙት ጥሩምባውን ጆሮ እስኪደነቁር ድረስ ይነፋላቸዋል። አሮጊቶቹ ተሳፋሪዎች ጆሯቸውን ይዘው «የማን ልጅ አለችበት?» ይሉታል። «የማንም!» ይላቸዋል እሱ፣ ደስ ብሎት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ልጆች ደስታ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ተራው ደርሶ መኪናው እሱ በር ላይ ሊቆም ነው። በዚያ መስመር የሚሳፈር ሰው ሁሉ ወሬውን ከወር በፊት ሰምቶታል፤ ሁለቴ የሰማም አለ።

ይሁንና እንቅልፍ የነሣው መኪናው አልነበረም። ባንዲራው ነበር።

የባንዲራው ምሰሶ የቆመው በግቢው መሀል ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ አማቱ አክሰል ነው። አክሰል ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜ ልኩን በጀልባ ማመላለሻ ላይ ገመድ ሲያስርና ሲፈታ የኖረ ሰው። ሚስቱ ስትሞትበት ትልቁን ቤት ለልጁ ለሪኬ ለቆ፣ እሱ በጓሮ ወዳለችው ትንሽ ቤት ገባ። ቤቱን ሰጠ፣ መኪናውን ሰጠ፣ የፖም ዛፎቹን ሰጠ። ምሰሶውን ግን አልሰጠም። በየጸደዩ ራሱ ቀለም ይቀባዋል፣ በየልደቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ባንዲራውን ራሱ ይሰቅላል። ለዳፍኔ ክርስትና፣ ለሪኬ አርባኛ ዓመት፣ ለስታቲስ ልደት እንኳ ሳይቀር የሰቀለው አክሰል ነው።

ስታቲስ ከግሪክ፣ ከቮሎስ ከተማ፣ ሪኬን ተከትሎ የመጣ ሰሞን በዚያ አገር ያልገረመው ነገር አልነበረም። ሕፃን በክረምት ውጭ በጋሪ ውስጥ ይተኛል ሲሉት አብደዋል ብሎ ዳፍኔን ሦስት ጊዜ ተደብቆ ወደ ቤት አስገብቷታል፤ ሦስት ጊዜም ሪኬ መልሳ አውጥታታለች። አማቱን በስሙ ጠርቶ «አንተ» ማለት ሲለምድ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ሁሉንም ለመደ። አንዱን ግን አልለመደም፤ እሱ ያሰረውን ነገር ሁሉ አክሰል ዝም ብሎ ፈትቶ እንደገና ያስረዋል። ጀልባዋን ወደቡ ላይ ቢያስር፣ የገናን ዛፍ መኪናው ጣሪያ ላይ ቢያስር፣ ብስክሌት ቢያስር፣ ሽማግሌው ይመጣና ቃል ሳይተነፍስ ፈትቶ ያስራል። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። በስታቲስ አገር ሰው ይጮኻል፣ ይወጣለታል፣ ከዚያ አብሮ ይበላል። ይህ ዝምታ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ጠጠር ጫማው ውስጥ ነበረ። አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ዓመት ይሆናል፣ «አክሰል፣ ዛሬ እስቲ እኔ ልሳበው» ብሎ የባንዲራውን ገመድ ያዘ። አክሰልም ገመዱን ሳይለቅ «ባንዲራ መሬት መንካት የለበትም» አለውና ሰቀለው። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ አክሰልን ልቡ አመመውና ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳይስብ ከለከለው። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ስለ ባንዲራው ማንም ትንፍሽ አላለም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ሽማግሌው ወደ ወጥ ቤቱ በር መጣ።

«ነገ አንተ ነህ የምትሰቅለው» አለ።

ስታቲስ እጁ ላይ የነበረውን ስፒናች ለቀቀው። «እኔ?»

«ገመዱን እየው። አርጅቷል» አለና ሄደ።

ያን ጊዜ የነበረውን ደስታ ባያችሁ! ሪኬን አንሥቶ አዞራት፤ ቮሎስ ለምትኖረው እናቱ ደውሎ እየጮኸ ነገራት። እናቱ ደግሞ «ልጄ፣ ጨርቅ መስቀል ይሄን ያህል ያስጮኻል?» አለችው። «እማዬ፣ አይገባሽም!» አለና ዘጋው።

ከዚያ ገመዱን አየ። እውነትም አንድ ቦታ ላይ ተበጣጥሷል። ጤነኛ ሰው ቢሆን ሃምሳ እርምጃ ሄዶ አክሰልን «ምን ላድርግ?» ይላል። ግን በሃያ ዓመት አንዴ እጁ የገባውን ገመድ ይዞ ምክር ሊጠይቅ ሊሄድ? ሞቶ ነው! የተበጣጠሰውን ቆርጦ ጣለ፣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ወፍራም ገመድ አምጥቶ ቀጠለበት፣ ቋጠረው፣ ደግሞ ቋጠረው፣ ለጥንቃቄ አንድ ጨመረበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የስታቲስ ቋጠሮ ግን መፈታትን የማያውቅ ሆኖ ተገኘ፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ብቻውን ነበር። ዳፍኔ ከጓደኞቿ ጋር ቁርስ ልትበላ ቀድማ ሄዳለች፤ ሪኬ ዳቦ ልታመጣ በመኪና ከተማ ወርዳለች፤ አክሰል ጓሮ ቤቱ ውስጥ ለበዓሉ ሲል ረጅም ጊዜ ወስዶ እየታጠበና ጢሙን እየተላጨ ነው፤ ሲላጭ ደግሞ ለደከመ ጆሮው የሚያደርገውን ማዳመጫ አውልቆ ስለሚያስቀምጥ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ ሁሉ ለዳፍኔ ሲሉ ባንዲራቸውን ሰቅለዋል። በዚያ መንገድ የአንዱ ልጅ ደስታ የሁሉም ነው።

ስታቲስ ቆቡን አወለቀ። ባንዲራውን ከገመዱ ጋር አያያዘና ሳበ። ቀዩ ጨርቅ ነጭ መስቀሉን ይዞ ተነሣ፣ ንፋስ ያዘው፣ ተዘረጋ። ስታቲስ ዐይኑ እንባ ሞላ። «እንዲህ ነዋ!» አለ ለራሱ። ሳበ፣ ሳበ፣ ከዚያ ገመዱ ቀጥ አለ።

ቀና ብሎ አየ። ያ የኮራበት ቋጠሮ ምሰሶው አናት ላይ ካለችው ትንሽ መዘውር ደርሶ አላልፍም ብሏል። ባንዲራው ገና መሀል ላይ ነው። በኃይል ሳበው፤ ቋጠሮው ይበልጥ ተሰነቀረ። ላውርደው ብሎ በሌላው ወገን ሳበ፤ ወይ ፍንክች። ተንጠለጠለበት፣ በግሪክኛ ተሳደበ፣ በዴንማርክኛ ለመነ። ባንዲራው በግማሽ ቀረ።

ባንዲራ በግማሽ ሲውለበለብ ምን ማለት እንደሆነ እሱ አላጣውም። በዚያ መንደር ባንዲራው ግማሽ ላይ የቆመበት ቤት አስከሬን ያለበት ቤት ነው።

«አምስት ደቂቃ ብቻ» አለ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ። «ማንም ሳያይ።» ጋራዥ ሮጦ መሰላል አመጣ፤ መሰላሉ የምሰሶውን ወገብ እንኳ አልደረሰም። ረጅም መሰላል ያለው በመንደሩ ጫፍ ካለው ገበሬ ዘንድ ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ገበሬው ማሳ ላይ ነበረና ስታቲስ ጎተራውን ሲያስስ፣ ከውሻው ጋር ሲከራከር፣ መሰላሉን ከድርቆሽ ስር ሲጎትት፣ አምስቱ ደቂቃ ሰዓት አለፈው።

መሰላሉን ተሸክሞ ሲመለስ መንገዱ መግቢያ ላይ ደርሶ ክው ብሎ ቆመ። በግራም በቀኝም ያለው ባንዲራ ሁሉ ወርዶ ግማሽ ላይ ሆኗል።

«ውይ!» አለ። «ማን ሞተ?»

የምሬን ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ የመጣለት ይሄ ነው። አንድ ጎረቤት በዚህ ጠዋት ማረፉ ነው ብሎ ከልቡ አዘነ። ሞት እንዴት የዳፍኔን ቀን ይመርጣል ብሎ ትንሽ ተቆጣም። መሰላሉን በአንድ እጁ አመቻችቶ በሌላው ቆቡን አወለቀና በሐዘንተኛ እርምጃ መራመድ ጀመረ።

በሩ ላይ ቦዲል ቆማለች። ቦዲል የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ናት፤ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ የመንደሩ ዜና ከእሷ ቤት ይወጣል እንጂ ወደ እሷ ቤት አይገባም። ከአትክልቷ የቆረጠችውን አበባ ታቅፋ ዐይኗ ቀልቷል።

«ስታቲስ፣ የኔ ጌታ» አለችና አንገቱን አቀፈችው፣ መሰላሉ ጭንቅላቷን ሊመታት ምንም አልቀረው። «ያጽናህ። ያጽናችሁ።»

«ያጽናሽ፣ ቦዲል» አለ ስታቲስ። «ማነው የሞተው?»

ቦዲል ወደኋላ አለችና አየችው። ሐዘን አእምሮውን ነክቶታል ብላ ሳታስብ አልቀረችም። «አክሰል ነዋ» አለች ቀስ ብላ።

«አክሰል?» መሰላሉ ከትከሻው ወደቀ። «መቼ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ባንዲራውን አንተ አይደለህ እንዴ ዝቅ ያደረግከው! ስልክ ብደውል የሚያነሣ የለም። በር ባንኳኳ የሚከፍት የለም። ለጎረቤት ሁሉ ተናገርኩ። አልቅሻለሁ እኮ!»

ስታቲስ ነገሩ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ምሰሶውን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ቦዲልን አየ። «ቦዲል! ገመዱ ነው! ገመዱ ተሰንቅሮ ነው እንጂ የሞተ የለም!»

«እንዴት የሞተ የለም?»

«ጢሙን እየተላጨ ነው!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ መንደሩ ሁሉ ያወቀውን ሞት ያልሰማው አክሰል ብቻ ነበር። ይኸው በጓሮ ቤቱ በር ሰማያዊ ክራባቱን አስሮ፣ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ የጆሮ ማዳመጫውን እያስተካከለ ብቅ አለ። ምሰሶውን አየው። ከዚያ መንገዱን አየው።

«ማነው የሞተው?» አለ።

ቦዲል አበባው ከእጇ ተበተነ። «አንተ!» አለች።

አክሰል ትንሽ አሰበበት። «ታዲያ ቢራ ያመጣ የለም?» አለ።

ስታቲስ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ከሩቅ ጥሩምባ ሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ የማያቋርጥ። የተማሪ መኪና በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሾፌር የለም። ግን ሁልጊዜ የሚያዘገየው ከፊት ያለው ቤት ነው። ዛሬ ከፊት ያለ ቤት የለም።

«ዳፍኔ!» አለ፣ ድምፁ ተሰበረ። «ዳፍኔ ይሄን ልታይ ነው!»

መጋቢት ላይ አያቷ ሆስፒታል ሲገባ ልጅቷ አሥር ሌሊት ኮሪደር ላይ ያደረች ናት። ፈተናዋን የተፈተነችው በአንድ ዐይኗ ስልኳን እያየች ነው። እና አሁን፣ በሕይወቷ ደስ ባላት ቀን፣ ከመኪና ላይ ቆማ የቤቷን ባንዲራ በግማሽ ልታየው ነው፤ ያን ያደረገው ደግሞ አባቷ ነው። ስታቲስ ሮጠ። እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር።

መኪናው ከጥግ ብቅ አለ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ በጎኑ በተሰቀለው አንሶላ ላይ «አሥራ ሦስት ዓመት ቁጭ አልን፤ ዛሬ ቆመናል» ተብሎ ተጽፎ። ሃያ ስድስት ነጭ ቆብ ይዘላል፣ ሙዚቃው መሬት ያንቀጠቅጣል። ከዚያ አንዱ እጁን ዘርግቶ የመጀመሪያውን ባንዲራ አሳየ። ሌላው ሁለተኛውን አየ። ፊሽካው ቆመ። ዘፈኑ ቆመ። ሾፌሩ ሙዚቃውን አጠፋውና መኪናው በዝግታ፣ እንደ ቀብር መኪና፣ ወደ ፊት ተንፏቀቀ።

ዳፍኔ ከፊት ነበረች። ስታቲስ ፊቷን አየው። ያን ፊት ዳግመኛ እንዳያሳየው ነው የሚለምነው፣ እስከ ዛሬ።

«አልሞተም!» እያለ ጮኸ፣ ሁለት እጁን እያወናጨፈ። «አልሞተም! አልሞተም!» ላብ ያጠመቀው ሰውዬ ወደ እናንተ እየሮጠ «አልሞተም» ቢላችሁ ምን ታስባላችሁ? ልጅቷ ከመኪናው ዘለለች። ቆቧ ወደቀ። አባቷን አልፋው ሮጠች።

አክሰል ግን ያን ጊዜ ግቢው በር ላይ ደርሷል። በጥንት የመርከበኛ አቋሙ እግሩን ከፍቶ ቆሞ እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ ጀልባ ወደ ወደብ እንደሚጠራ ሰው።

«እዚህ ነኝ!» አለ። «እዚህ ነኝ፣ ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ!»

«አባባ!» ልጅቷ ደረቱ ላይ ተለጠፈች። «አባባ፣ አባባ፣ እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ። እኔም አሁን ነው የሰማሁት።»

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። ከዚያ ዞር አለች። ስታቲስ ቆቧን ከመንገድ አንሥቶ አቧራውን እያራገፈ እያለከለከ ቆሟል።

«አባዬ፣ ምንድነው ያደረግከው?»

«ሰቀልኩት» አለ ስታቲስ።

ሪኬ ዳቦዋን ይዛ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ከመኪናዋ ወርዳ መንገዱን አየች፣ ባንዲራዎቹን አየች፣ በሕይወት ያለውን አባቷን አየች፣ ባሏን አየች። ሃያ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ገመዱን አንተ ነህ የቋጠርከው?»

አክሰል ምሰሶው ስር ሄዶ ቀና ብሎ መዘውሯን አየ። ስታቲስ አሁን ገመዱን ይቀማኛል ብሎ አሰበ፤ ደግሞም ቢቀማኝ ይገባኛል ብሎ አሰበ።

«ምሰሶውን ማስተኛት ነው» አለ ሽማግሌው። «ከታች አንዱ ቡሎን ይፈታና ይጋደማል። ግን ሰው ይፈልጋል። ብዙ ሰው።» ዞሮ መኪናውን አየ። «እናንተ! ቆመናል ብላችሁ የለም? ውረዱና ቁሙ!»

እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! መኪናው ላይ የቀሩት ሁሉ እየዘለሉ ወረዱ። ስታቲስ በመፍቻ ቡሎኑን ፈታ፣ ልጆቹ በትከሻቸውና በመዳፋቸው ምሰሶውን ተቀበሉ፣ አክሰል «ቀስ! ቀስ! የግራዎቹ አትተኙ!» እያለ ያዛል። ምሰሶው ጎንበስ፣ ጎንበስ እያለ መጣ። ባንዲራው ወደ ሣሩ ሲቀርብ ዳፍኔ ሮጣ ከስር ገባችና በሁለት ክንዷ ታቀፈችው። አንድ ጫፉ እንኳ መሬት አልነካም።

አክሰል መዘውሯ ጋ ሄዶ ተንበረከከ። ቋጠሮውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቋጠሮ» አለ ስታቲስ።

«ስንት ዓመት ነው ይይዛል ብለህ ያሰብከው?»

ተማሪዎቹ ፈነዱ። አክሰል ጥፍሩን ከተተበት፣ ታገለው፣ ተወው። «ዕድሜዬን በሙሉ ገመድ ፈትቻለሁ» አለ። «ይሄን አልፈታውም። ቢላ አምጡ።»

ቋጠሮው ተቆርጦ ወጣ። ቦዲል ቤት አዲስ ገመድ ተገኘ፤ ከአሮጌው ጋር ግን ቋጠሮ በሌለበት መንገድ፣ ክሩ ከክሩ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ሆኖ መገመድ አለበት። አክሰል ሁለቱን ጫፎች ያዘ። ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። ከመጋቢት ወዲህ እንዲህ ናቸው። ትንሽ ታገለ፣ ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ስታቲስ ዘረጋ።

«አንተ ሥራው። እኔ እነግርሃለሁ።»

ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። «ሦስቱን ክር በትናቸው። ይሄን በዚያኛው ስር አሳልፈው። አይደለም። እሱም አይደለም። አዎ። አሁን ሳበው።» ስታቲስ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ገመደ። በዙሪያቸው ተማሪዎቹ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጨፍራሉ። ቋሊማው አለቀ፣ ሦስቱ የስፒናች ትሪዎች ተጠረጉ፣ ሪኬም ባዶ ትሪ ይዛ መጥታ ጆሮው ስር «ሌላ የለህም እንዴ?» አለችው። ሃያው ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል። የሁለተኛው ቤት እናት ለአንዱ ልጅ ደውላ የት ቀራችሁ ስትለው «የሞተ ሰው አስነሥተን ነው፣ እየመጣን ነው!» አላት።

ምሰሶው እንደገና ሲቆም ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። አክሰል ባርኔጣውን አወለቀ። ስታቲስ ገመዱን ይዞ አማቱን አየው፤ አክሰል እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር።

ስታቲስ ሳበ። ባንዲራው ወጣ። ግማሹ ጋ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ያ የተገመደው ቦታ መዘውሯን ነካ፣ ሳይሰነቀር አለፈ፣ ባንዲራውም ሽቅብ ሄዶ ጫፉ ላይ ተዘረጋ። ያኔ ሃያ ስድስት ፊሽካ ባንዴ ጮኸ። ወዲያው ከመንገዱ ማዶ የቦዲል ባንዲራ ተነሣ፣ ከጎኗ ያለው ተነሣ፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ሁሉም ተራ በተራ ወጡ። ስታቲስ ዐይኑን አልጠረገም። ለምን ይጠርገዋል?

ተማሪዎቹ መኪናው ላይ ሲሰቀሉ ስታቲስ አሥራ ስምንት ዓመት በነዳበት መስመር ላይ የሚሄደው አውቶቡስ ብቅ አለ። ዛሬ የሚነዳው የሥራ ባልደረባው ዮርን ነው። ዮርን ቤቱን ሲያይ ጥሩምባውን ጫነው፣ ሳያነሣ፣ ግቢውን እስኪያልፍ ድረስ። በመስኮት አሮጊቶቹ በአንድ እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው፣ ሌላውን ያውለበልባሉ።

«የማን ልጅ አለችበት?» ብላ አንዷ ጮኸች፣ እያወቀች።

«የእኔ!» አለ ስታቲስ። «የእኔ! የእኔ!»

ዳፍኔ ከመኪናው ላይ ሆና ቆቧን አወዛወዘችለት፣ መኪናው ጥጉን እስኪዞር ድረስ። ከዚያ ምሰሶው ስር የቀሩት ሁለቱ ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ሪኬና ቦዲል ብርጭቆ ይሰበስባሉ። ስታቲስ የገመዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ ባለችው ብረት ላይ በጥንቃቄ ጠመጠመው። አክሰል ከኋላው ቆሞ ያያል።

«ስታቲስ።»

«አቤት።»

«የእኔ ቀን ሲመጣ እንደዛሬው መሀል ላይ አታቁመው። መጀመሪያ እስከ ጫፍ ታወጣዋለህ። ጫፍ ከነካ በኋላ ነው ወደ ግማሽ የምታወርደው። ደንቡ እንዲህ ነው።»

ስታቲስ ወደ አማቱ ዞረ። «እኔ ነኝ የማደርገው?» አለ።

«ታዲያ ማን ሊያደርገው ነው?» አለ አክሰል። «ገመዱ ያንተ አይደል?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ስታቲስ የጠመጠመውን ገመድ አየ። የሃያ ዓመት ልማድ ነውና እጁን ከኪሱ አወጣ። ስታቲስም ጠበቀ። አክሰል ገመዱን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገው፣ መለስ አለና ሳይፈታው እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ከዚያ ቂጣ ለሞተ ሰው የሚተርፍ አለ?» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ገባ።